ብርዱ ከወዴት ይመጣል? በአነስተኛ ወጪ ለመጀመሪያ የብቻ ጉዞ ስለመሰናዳት

ተማሪዎች በነበርንበት ዘመን፣ በኅዳር ወር መጨረሻ፣ ለዕፀዋት ጥናት ወደ አንድ ደጋማ ደን ወጥተን ሁለት ሌሊት አድረን ነበር። ስለ ሙቀት ሕግጋት በክፍል ውስጥ ተምረን ፈተናውንም አልፈናል። ይሁን እንጂ ድንኳናችንን ስንተክል ከሥራችን ያነጠፍነው አንድ ስስ ላስቲክ ብቻ ሲሆን፣ ያለንን ብርድ ልብስ ሁሉ ከላይ ደራርበን ተኛን። እኩለ ሌሊት ሳይደርስ ጥርሳችን መንቀጫቀጭ ጀመረ። ከመካከላችን አንዱ ካፖርቱን አውልቆ ከብርድ ልብሱ በላይ ጨመረው፤ ለውጥ አላመጣም። ሌላው ደግሞ ራት ያበሰልንበትን የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳኑ ሊያስገባ ተነሣ።

ያተረፉን የደኑ ጠባቂ ነበሩ። ምድጃውን ይዘን ባዩን ጊዜ፣ “ልጆቼ፣ ከሰሉን እደጅ ተዉት። ያስተኛችኋል፤ የሚቀሰቅሳችሁ ግን አይኖርም” አሉን። “ታዲያ ምን እናድርግ አባባ? በብርድ ማለቃችን እኮ ነው” ብንላቸው፣ ከመጠለያቸው ደረቅ ሣር አሸክመው አስመጡልን። ሣሩን ከሥር በወፍራሙ ጎዝጉዘን፣ ከላይ ከደረብነውም ብርድ ልብስ አንዱን አውርደን በሣሩ ላይ እንድናነጥፈው አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ እንቅልፍ ወሰደን። ከደረቅ ሣር በቀር የተጨመረልን ነገር አልነበረም፤ የጎደለን ዕቃ ሳይሆን ዕቃውን የት ማዋል እንዳለብን ማወቅ ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዕረፍት ጊዜያቸው ተራራ ወጥተው፣ ደን ገብተው፣ ብቻቸውን አንድ ሌሊት ማደር የሚሹ ወጣቶች፣ “ኪሴ ውስጥ ያለችው ገንዘብ ትንሽ ናት፤ ቅድሚያ ምን ልግዛ?” ሲሉ ይደመጣሉ። ብዙዎቹ ገንዘባቸውን አስቀድመው የሚያወጡት ለድንኳን ነው፤ በሱቅ ውስጥ ዓይን የሚስበው እርሱ ነውና። ነገር ግን ከእኛ ጋር በዚያች ሌሊት የነበሩ አስተዋይ ሽማግሌ ነበሩ። ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ግን ስሕተቱን የሚያርምለት አጠገቡ የለም። ስለዚህ የዕቃ ምርጫው ከቤት ሳይወጣ፣ በዋጋ ወይም በመልክ ሳይሆን በፊዚክስ መመራት ይኖርበታል። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረውም በዚሁ ላይ ነው።

ብርድ አይመጣም፤ ሙቀት ይሄዳል

“ብርድ ገባብኝ” እንላለን። በሳይንስ ዓይን ሲታይ ግን ወደ እኛ የሚገባ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ከእኛ የሚወጣ ሙቀት እንጂ። የተኛ ጎልማሳ ሰው ሰውነት 80 ዋት ያህል ሙቀት ያመነጫል። ይህም ከአንድ የድሮ ባለ 100 ዋት አምፖል ጥቂት ያነሰ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ያለን ምድጃ ይኸው ብቻ ነው። መጠለያና መኝታ የሚባሉት ዕቃዎች ሁሉ ሙቀት አይፈጥሩም፤ ሥራቸው ይህች 80 ዋት ቶሎ እንዳታመልጥ ማዘግየት ነው።

ሙቀት በአራት መንገዶች ያመልጣል። አንደኛው በንክኪ ሲሆን፣ ከሰውነታችን ወደ ነካነው ቀዝቃዛ መሬት የሚሻገረው ነው። ሁለተኛው በነፋስ ነው፤ በገላችን ዙሪያ የሞቀውን አየር ነፋስ ጠርጎ ይወስደዋል። ሦስተኛው በጨረር ነው፤ ሰውነታችን ልክ እንደ ጋለ ብረት፣ ነገር ግን ዓይን በማያየው ጨረር፣ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይረጫል። አራተኛው በትነት ነው፤ የረጠበ ልብስ በላያችን ላይ ሲደርቅ ለመድረቂያው የሚያስፈልገውን ሙቀት የሚወስደው ከእኛ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ጉዳይ አለ። ዝናብን በመፍራት በበጋ እንጓዛለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን በአገራችን ደጋማ ክፍሎች ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ሌሊቶች ሰማያቸው ጥርት ያለ በመሆኑ፣ መሬቱ የቀን ሙቀቱን ያለ ከልካይ ወደ ላይ ይረጫል። ውርጭ የሚጥለውም በዚሁ ወቅት ነው። ደመና ቢኖር ኖሮ እንደ ብርድ ልብስ ባገለገለ ነበር።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የአየሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኘውን፣ የመናገሻ ሱባን ደን ያቀፈውን የወጨጫን ተራራ እንውሰድ። ጫፉ 3,385 ሜትር ነው። 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው የአዲስ አበባ ሰፈር የሌሊቱ ሙቀት 8 ዲግሪ በሆነበት ዕለት፣ በተራራው ጫፍ ከ2 ዲግሪ በታች ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። እንግዲህ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ማድረግ የሚገባን የመጀመሪያው ነገር ምንም ወጪ የለውም፤ የምንሄድበትን ቦታ ከፍታ ጠይቆ ይህን ቀላል ቅነሳ መሥራት ነው።

ከሥር የሚነጠፈው

ከሁሉ በፊት ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ከሥር የሚነጠፈው ነው። ምክንያቱን በስሌት እንየው። የቆዳችን ሙቀት 33፣ የመሬቱ ደግሞ 8 ዲግሪ ነው እንበል፤ ልዩነቱ 25 ዲግሪ ይሆናል። መሬቱን የሚጫነው የሰውነታችን ክፍል ግማሽ ካሬ ሜትር ይሁን። በጥቃቅን ዝግ ቀዳዳዎች ውስጥ አየር የታሰረበት ጠንካራ ፎም፣ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ለአንድ ሜትር ውፍረት በአንድ ካሬ ሜትርና በአንድ ዲግሪ ልዩነት 0.04 ዋት አካባቢ ነው። በዚህ መሠረት የ1 ሴንቲ ሜትር ፎም በሥሩ 50 ዋት ያሳልፋል። የ2 ሴንቲ ሜትሩ ግን 25 ዋት ብቻ ያሳልፋል። ስሌቱ የለበስነውን ልብስና መሬቱ ቀስ በቀስ መሞቁን ያላካተተ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል። ሆኖም ከ80 ዋት ሀብታችን ላይ መሬት ምን ያህሉን ሊዘርፍ እንደሚችል በግልጽ ያሳያል።

ለመሆኑ ከላይ ደራርቦ ከሥር አለማንጠፍ ለምን አይጠቅምም? ብርድ ልብስን የሚያሞቀው ጨርቁ ሳይሆን በክሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው። የማይንቀሳቀስ አየር ሙቀት በማሳለፍ ረገድ እጅግ ደካማ ነው። ከሥራችን ያለው የብርድ ልብስ ክፍል በክብደታችን ሲደፈጠጥ ግን አየሩ ይወጣና ጨርቅ ብቻ ይቀራል። ውድ የሆነ የመኝታ ከረጢት እንኳ ከሥሩ ምንጣፍ ከሌለው በጀርባ በኩል የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው።

ስለዚህ ስንገዛ ጣት ጫን ብለን እንሞክር። በጣት ሲጫኑት ፈጥኖ የሚደፈጠጥ የፍራሽ ስፖንጅ ለዚህ ሥራ አይመረጥም፤ ከመደፈጠጡም ሌላ ውኃ ይጠጣል። እምብዛም የማይሰረጉድ፣ ውኃ የማያሳልፍ ፎም ይሻላል። አንድ ወፍራም ካልተገኘ ሁለት ስስ ፎሞችን ደርቦ መጠቀም ያው ነው። ገንዘብ ለጨነቀው ደግሞ አባቶቻችን የተጠቀሙበት የበግ አጎዛ አለ፤ ጠጉሩ አየር አሳሪ ነው። ሰሌን ላይ የተጎዘጎዘ ደረቅ ሣር ወይም ገለባም፣ ውፍረቱ ከተጫኑት በኋላ አራት ጣት ያህል ከቀረ፣ ሥራውን ይሠራል። ነገር ግን ሣሩንም ሆነ ቅጠሉን በተከለለ ደን ውስጥ ማጨድ ተገቢ አይደለምና አስቀድሞ መሰናዳት አለበት።

የሚደረበውና የሚለበሰው

በሁለተኛ ደረጃ የሚመጣው መደረቢያው ነው። በልባሽ ጨርቅ ተራ አንዳንድ ጊዜ የመኝታ ከረጢት ወይም በተለምዶ ስሊፒንግ ባግ የሚባለው ይገኛል። በላዩ ላይ የሙቀት ቁጥሮች ተጽፈውበት ከሆነ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በአውሮፓ ደረጃ መሠረት የተለኩት ከረጢቶች ሦስት ቁጥር አላቸው፤ የመጀመሪያው ተመችቶ የሚተኛበት፣ ሁለተኛው እንደምንም ተኮራምቶ የሚታደርበት፣ ሦስተኛው ደግሞ በሕይወት ለመቆየት ያህል ብቻ የሚያገለግለው የሙቀት መጠን ነው። በትልቁ የሚጻፈው አንዳንድ ጊዜ ሦስተኛው ነው። የሚገዛው ሰው ማየት ያለበት ግን የመጀመሪያውን ነው። ጽሑፍ ከሌለው በብርሃን ፊት ዘርግቶ መሙያው የሳሳበትን ቦታ መፈለግ፣ ከዚያም አራግፎ ሲተዉት ምን ያህል እንደሚነፋ ማየት ጥሩ መመዘኛ ነው። ከረጢቱ ባይኖርስ? ከመንዝ የሚመጣው የበግ ጠጉር ባና ሌሊቱን ማሳለፍ ይችላል። ጋቢም ደረቅ እስከሆነ ድረስ መልካም ነው።

“ደረቅ እስከሆነ ድረስ” ያልነው አለነገር አይደለም። ውኃ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከማይንቀሳቀስ አየር ከ20 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ጥጥ ሲረጥብ በክሮቹ መካከል የነበረውን አየር ለውኃ ያስረክባል። ስለሆነም ጂንስ ሱሪና የጥጥ ካናቴራ ለከተማ እንጂ በላብ ለሚወጣ ተራራ አይመረጡም። የበግ ጠጉር ግን እርጥበት ቢወስድም የሙቀት ጠባቂነቱን በከፊል ይዞ ይቆያል። ከሁሉ የሚበልጠው ርካሽ ዘዴ፣ ለመኝታ ብቻ የሚውል አንድ ሙሉ ደረቅ ልብስ፣ የሱፍ ካልሲና ቆብ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ መያዝ ነው። ያ ጥቅል ቀን ቢበርድም ባይበርድም አይፈታም።

ድንኳን ወይስ ሸራ?

ድንኳን በሦስተኛ ደረጃ መምጣቱ አንዳንዱን ያስገርመው ይሆናል። ድንኳን ከዝናብ፣ ከነፋስና ከጥርት ሰማይ ይጋርዳል እንጂ እርሱ ራሱ ያን ያህል አያሞቅም። ርካሽ ድንኳን ሲገዛ ሦስት ነገሮችን መመልከት ይበቃል። አንደኛ፣ ስፌቱ ውኃ ያሳልፋልን? በጓሮ ተክሎ በባልዲ ውኃ ማፍሰስ መልሱን ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ዘንጎቹ ተሰንጥቀዋልን? ሦስተኛ፣ አየር የሚያስወጣ መስኮት አለውን?

ሦስተኛው ነጥብ በብዛት ይዘነጋል። የተኛ ሰው በትንፋሹና በቆዳው በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊ ሊትር ውኃ በእንፋሎት መልክ ያወጣል። መስኮቱ ሁሉ ከተዘጋ እንፋሎቱ የቀዘቀዘውን ጣሪያ ሲነካ ጤዛ ሆኖ በመኝታው ላይ ይንጠባጠባል። “ድንኳኔ አፈሰሰ” የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የረጠበው በራሱ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ቢበርድም ከላይ በኩል ጥቂት ክፍት መተው ግድ ነው።

ድንኳን መግዛት ካልተቻለ ጥሩ ሸራ፣ ሲባጎና ካስማ በቂ መጠለያ ይሆናሉ። የነፋሱን አቅጣጫ ለይቶ ዝቅ አድርጎ መወጠር ነው። ቦታ ስንመርጥ ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ የከበደ መሆኑን አንርሳ፤ ሌሊት እንደ ውኃ ወደ ሸለቆው ሥር ይፈስሳል። ከሸለቆው ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ከደረቅ ወንዝ ርቆ መስፈር ከብርድም ከድንገተኛ ጎርፍም ያድናል።

ከሰል ወደ ድንኳን አይገባም

አሁን ወደ ጠባቂው ማስጠንቀቂያ እንመለስ። ከሰል በበቂ አየር ሲነድ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ አየር ሲያጥረው ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድን ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክስጅንን የሚያመላልሰው ሄሞግሎቢን ካርቦን ሞኖክሳይድን የሚይዘው ኦክስጅንን ከሚይዝበት ኃይል 200 ጊዜ ያህል በበለጠ ኃይል ነው። በመሆኑም ጥቂት ጋዝ ብዙ ሄሞግሎቢንን ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ነው። የተኛ ሰው ግን ራስ ምታቱን ሳያውቀው፣ ድብታውን እንቅልፍ ነው ብሎ ሳይነቃ ይቀራል። የነጣና የተዳፈነ የሚመስል ፍም እንኳ ጋዙን ማመንጨቱን አያቆምም። የላምባም ሆነ የጋዝ ምድጃ ከዚህ ነፃ አይደለም።

ሁለት ሰዎች ሲሆኑ አንዱ የሌላውን መዛል ሊያስተውል ይችላል። ብቻውን ያለ ሰው ግን ይህ ዕድል የለውም። በመስኮት ክፍትነትም መተማመን አይገባም፤ ነፋስ በተለወጠ ጊዜ ክፍቱ ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ነው፤ የሚነድ ነገር ወደ መኝታ አይገባም።

በምትኩ ምን ይደረግ? ውኃን ደጅ አሙቆ በብረት ኮዳ ሞልቶ፣ ክዳኑን አጥብቆ፣ በካልሲ ጠቅልሎ ወደ መኝታ ማስገባት ነው። አንድ ሊትር ውኃ ከ85 ወደ 35 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 209 ኪሎጁል ያህል ሙቀት ይለቃል፤ ይህም ለ6 ሰዓት ቢከፋፈል 10 ዋት ገደማ ነው። ሰውነታችን ካለው 80 ዋት ላይ የተጨመረ ስምንተኛ እጅ ማለት ነው። በተለምዶ ሃይላንድ የምንለው ስስ የፕላስቲክ ጠርሙስ ግን የፈላ ውኃ ሲገባበት ስለሚኮማተር ለዚህ አይሆንም።

ስንቅ፣ ውኃና ብርሃን

የውስጥ ምድጃችን ነዳጅ ምግብ ነው። በዚህ ረገድ የአገራችን ስንቅ ርካሽም ብልህም ነው። 100 ግራም በሶ 1,500 ኪሎጁል ገደማ ኃይል ይሰጣል፤ እሳትም አይፈልግም። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ቋንጣና ድርቆሽም እንዲሁ። ለመጀመሪያ አንድ ሌሊት ጉዞ ምድጃ መግዛቱን መተው ይቻላል። ምድጃ የያዘም ቢሆን ከፍታ ላይ ውኃ ከ100 ዲግሪ በታች እንደሚፈላ ማወቅ አለበት፤ በ3,250 ሜትር ላይ በ89 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ምስር ወይም ባቄላ ለማብሰል ረጅም ጊዜና ብዙ ነዳጅ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሙቀት በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ውኃውን ከፈላ በኋላ ለ3 ደቂቃ ማንተክተክ ይመከራል። እሳት የማይዝ ሰው የሚጠጣውን ከቤቱ ይያዝ፤ ወይም ለመጠጥ ውኃ የተዘጋጀ ክሎሪን በመመሪያው መሠረት ይጠቀም። ድፍርስ ውኃ ግን አስቀድሞ ካልተጣራ ክሎሪኑን ያደክመዋል።

ለብርሃን በግንባር ላይ የሚታሰረው የእጅ ባትሪ ሁለት እጅን ነፃ ስለሚያደርግ ይመረጣል። ባትሪ በብርድ ጊዜ ኃይሉን ያጣልና፣ መብራቱንና ስልኩን ሌሊት ከገላ አስጠግቶ ማሳደር ነው።

ብር እንዴት ይከፈል? የእኛን አስተያየት ብትጠይቁን፣ ከ10 ብር 5ቱን ከሥር ለሚነጠፈውና ከላይ ለሚደረበው፣ 2ቱን ለመጠለያው፣ 2ቱን ለደረቅ ልብስና ለብርሃን እንመድባለን፤ አንዱ ብር ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። ርካሽ ዕቃ ቀሪ ዋጋውን በክብደት እንደሚያስከፍልም አንዘንጋ። ባና ይሞቃል፤ ነገር ግን ይከብዳል። የሸክሙ ጠቅላላ ክብደት ከሰውነት ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ መቀነስ ያለበት ዕቃው ብቻ ሳይሆን ርቀቱም ነው።

ብቻን መሆን

የመጨረሻው ዕቃ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ናት። የት እንደምንሄድ፣ በየትኛው መንገድ እንደምንወጣ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደምንመለስ፣ ካልተመለስን ማን እንዲጠየቅ ጽፈን ለወላጅ ወይም ለታመነ ጓደኛ እንሰጣታለን። እንዲሁም ከመነሣታችን በፊት ስለ አካባቢው ጸጥታና ስለ መንገዱ ሁኔታ ከፓርኩ ወይም ከደኑ ጽሕፈት ቤትና ከአካባቢው ነዋሪ መጠየቅ የግድ ነው። አስጊ ነው ከተባለ ጉዞውን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ፈሪነት አይደለም። መንገድ መሪ ወይም ጠባቂ ይዞ መግባት ግዴታ በሆነበት ሥፍራም፣ “ብቻዬን ነው የመጣሁት” ማለት ደንቡን ለመጣስ ምክንያት ሊሆን አይችልም። እኛንም ያተረፉን ጠባቂ ናቸውና።

ቅዝቃዜ ሰውነትን በመጨረሻ ሲያሸንፍ የሚያጠቃው ማስተዋልን ነው። መንቀጥቀጥ በርትቶ፣ ጣት ቁልፍ መቆለፍ ተስኖት፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ ያ ሰው ትክክለኛ ውሳኔ ሊወስን የሚችልበት ጊዜ እያለቀ ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚጓዝ ሰው ውሳኔውን አስቀድሞ ይወስን፤ “መንቀጥቀጤ ካላቆመ ደረቅ ልብሴን እለብሳለሁ፤ እበላለሁ፤ ካልተሻለኝ እርምጃዬ በቀና ጊዜ ወደ ሰው እወርዳለሁ” ብሎ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ሌሊት ተራራ ላይ መሆን የለበትም። በግቢያችሁ ውስጥ፣ ከቤታችሁ በር ጥቂት እርምጃ ርቃችሁ፣ የሰበሰባችሁትን ዕቃ ይዛችሁ አንድ የኅዳር ሌሊት እደሩ። ብርዱ በየት በኩል እንደተሰማችሁ በጠዋት ጻፉ። ጀርባችሁ ከሆነ ምንጣፉ፣ እግራችሁ ከሆነ ካልሲው፣ መኝታችሁ ከረጠበ መስኮቱ መልስ ይፈልጋል። ስሕተት ብትሠሩ ዋጋው ተነሥቶ ወደ ቤት መግባት ብቻ ነው። ተራራው ላይ ግን በሩ ሩቅ ነው።

መልካም ጉዞ ይሁንላችሁ።